ከፍ ዝቅ የሚለው የኬብል ኢንተርኔት

ጥያቄ፦ የምንኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ለ300 ሜጋቢት የኬብል ኢንተርኔት እየከፈልን አንዳንዴ 280፣ አንዳንዴ 15 ይለካል። በቀን ደጋግሞ ይቋረጥና በራሱ ይመለሳል። የቤቱ መስመር ቀድሞ ለቴሌቪዥን የተዘረጋው ገመድ ነው። አዲስ ራውተር እንግዛ?

መልስ፦ ገና አይግዙ። መጀመሪያ ዋይፋዩን ከጥርጣሬ ያውጡት። ላፕቶፕዎን በኤተርኔት ገመድ በቀጥታ ከሞደሙ (የኬብሉ ገመድ ከሚገባበት ሣጥን) ጋር ያገናኙ፣ ሞደሙን አጥፍተው ያብሩ፣ ከዚያ ጠዋትም ማታም ይለኩ። በገመድ ሙሉውን ካገኙ ጥፋቱ የዋይፋዩ ነው። በገመድም ከወረደ ችግሩ ያለው መስመሩ ላይ ነው፤ ከአጻጻፍዎ የምንጠረጥረውም ይህንኑ ነው።

በዚያው ላፕቶፕ 192.168.100.1 ብለው የሞደሙን ገጽ ይክፈቱ። የሚመጣው ሲግናል፣ ማለትም ዳውንስትሪም ፓወር፣ ከ-7 እስከ +7 ዲቢኤምቪ (የሲግናል ጉልበት መለኪያ) ቢሆን ጥሩ ነው። ኤስኤንአር የሚለው፣ ማለትም ሲግናሉ ከጫጫታው ምን ያህል እንደሚበልጥ የሚያሳየው፣ ከ33 ዲሲቤል በላይ ይሁን። ብዙ ሰው የማያየው አፕስትሪም ፓወርን፣ ማለትም ከሞደሙ የሚሄደውን ሲግናል ነው። 50 ዲቢኤምቪ አካባቢ ከደረሰ ሞደሙ ድምፁ እንዲሰማለት እየጮኸ ነው ማለት ነው፤ ከዚያ በላይ መጮህ ሲያቅተው ግንኙነቱ ይበጠስና እንደ አዲስ ይጀምራል። በሞደሙ የመዝገብ ገጽ «ቲ3» (T3) የሚል ስሕተት፣ ማለትም ሞደሙ ጠርቶ መልስ ማጣቱ፣ ከተደጋገመ ጥርጣሬው ይጠነክራል።

በአሮጌ የቴሌቪዥን መስመር የተለመደው ጥፋተኛ ስፕሊተር፣ ማለትም አንዱን ገመድ ወደ ብዙ መውጫ የሚከፍለው ትንሽ ዕቃ ነው። ባለ ሁለት መውጫው ወደ 3.5፣ ባለ አራቱ ወደ 7 ዲሲቤል ይበላል፤ የሚበላውም በመምጫውም በመሄጃውም ነው። ኬብል ቴሌቪዥን ከሌለዎት ስፕሊተሩን ያውጡና ሁለቱን ገመዶች በማያያዣ ቀጥ አድርገው ይቀጥሏቸው። ከመሬት ሽቦ ጋር የታሰረችውን የመግቢያ ማገናኛ ግን አይንኩ። ቴሌቪዥን ካለ መግቢያው ላይ አንድ ባለ ሁለት መውጫ ይበቃል፦ አንዱ ለሞደሙ ብቻ፣ ሌላው ለቴሌቪዥኖቹ በሙሉ። «5–1002 ሜጋኸርዝ» የተጻፈበትን ይግዙ፤ ባዶ የሚቀረውን መውጫ በ75 ኦም መዝጊያ ይዝጉ። የሲግናል ማጉያ ለመግዛት አይቸኩሉ፤ ሲግናሉን ሲያጎላ ጫጫታውንም አብሮ ያጎላል።

የገመዶቹን ጫፎችም አንድ በአንድ ይፍቱ። የመሐል ሽቦው ከጠቆረ ወይም አረንጓዴ ካወጣ ውሃ ገብቶበታል፤ ጫፉ ተቆርጦ በአዲስ ይተካ። ሲመልሱ በእጅ ያጥብቁና ስፕሊተሩና ማያያዣው ላይ በ7/16 ኢንች መፍቻ ትንሽ ይጨምሩ፤ ሞደሙ ላይ ግን የእጅ ይበቃል። የላላ ጫፍ የውጭ ሬዲዮ ሞገድ ያስገባል፤ መሄጃው መስመር የጋራ ስለሆነ ጎረቤትንም ይረብሻል።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ቁጥሮቹ ካልተስተካከሉ ከምሰሶ እስከ ቤትዎ ያለው ገመድ ይጠረጠራል፤ እሱ የኩባንያው ኃላፊነት ነው። የሞደሙን ገጽ ፎቶ ይዘው ቴክኒሻን ይጠይቁ። ቁጥሮቹ ጥሩ ሆነው ማታ ማታ ብቻ ፍጥነቱ ከወረደ ግን የሰፈሩ መስመር ተጨናንቋል፤ ቤት ውስጥ የሚነካካ የለም። የለኩትን ከነሰዓቱ ይመዝግቡ። ኩባንያው ካልሰማዎት ለፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን (FCC፣ የአሜሪካ መንግሥት የኮሙኒኬሽን ተቆጣጣሪ) በነፃ ማመልከት ይችላሉ፤ አቤቱታው የተላከለት ኩባንያ በ30 ቀን ውስጥ መልስ መስጠት ይጠበቅበታል።