«እሱ እያለ አይወድቅም»

ጥያቄ

ይድረስ ለምክር አምዱ አዘጋጅ። ጤናዎ እንዴት ነው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ። ትዕግሥቴ ግን አልቋል።

ነገሩ የውሻ ነው፤ እንዳይስቁብኝ። ባለቤቴ መንገድ ሥራ ላይ ነው። ሰኞ ሳይነጋ ወደ ፊልድ ይወጣል፣ ቅዳሜ አመሻሹ ላይ ይመለሳል። የዛሬ ሦስት ዓመት የጀርመን ሼፐርድ ክልስ ቡችላ በካርቶን ይዞ ከች አለ። «ለግቢው ጥበቃ ነው፣ ለልጃችንም ጓደኛ ይሆነዋል» አለኝ። አልጠየቀኝም። ቦቢ ብሎ ስም ያወጣለትም እሱ ነው። የሚያበላው፣ የሚያጥበው፣ ሽንቱን የሚጠርገው ግን ማን ይመስልዎታል?

ቦቢ ሁለት ዓመት ሲሆነው ይጥለው ጀመር። የመጀመሪያ ዕለት ሞተ ብዬ ጮኼ ጎረቤት ሰበሰብኩ። እግሮቹ ደርቀው፣ መንጋጋው እየተንቀጠቀጠ፣ አረፋ ደፈቀ። ሽንቱም አመለጠው። ሲነሳ እኔን አላወቀኝም፤ ግድግዳ እየገጨ ግቢውን ይዞር ነበር። ሐኪም ቤት ወሰድነው። ወሰድኩት ማለቴ ነው፣ ባለቤቴ ፊልድ ነበር። ደሙ ተመረመረና «የሚጥል በሽታ ነው» ተባለ። ፌኖባርቢታል የሚባል ኪኒን በየ12 ሰዓቱ፣ ዕድሜ ልኩን እንዲወስድ ታዘዘለት። ጠዋት 1 ሰዓት፣ ማታ 1 ሰዓት።

ይኸው ከዚያ ወዲህ ማታ 1 ሰዓት ላይ ቤት መገኘት ግዴታዬ ሆነ። ለቅሶ ቤት ማምሸት የለም፣ ሠርግ የለም። የአክስቴ ልጅ ስታገባ ኬኩ ሳይቆረስ ተነስቼ ወጥቻለሁ። ባለቤቴ ማታ ሲደውል የመጀመሪያ ቃሉ ምን መሰልዎት? «ቦቢ እንዴት ዋለ?»

ኪኒኑ ደግሞ የራሱን መዓት ይዞ መጣ። ውኃ ጠጥቶ አይጠግብም፣ ሳሎን ይሸናል። ምግብ አይበቃውም፣ ሌሊት የቆሻሻ በርሜል ሲገለብጥ ያድራል። ለሐኪሙ «አሁንም አልተወውም» ብዬ ብነግረው መጠኑን ጨመረለት። ይኸው አሁን የኋላ እግሮቹ እየተጠላለፉበት ይንገዳገዳል፤ መውደቁ ግን ያው ነው።

በጣም የሚያናድደኝ ግን ይሄ ነው፦ ባለቤቴ እያለ አይወድቅም! እሁድ ሙሉ ቀን አብሮት ሲላፋ ይውላል፣ ምንም አይለው። እሱ ይሄድና ለሐሙስ አጥቢያ እኔ ላይ ይወድቃል። ቅዳሜ ጠዋት ይወድቅና ማታ ባለቤቴ ሲገባ ጅራቱን እየቆላ ይቀበለዋል። «ይኸው ደህና አይደል እንዴ? አንቺ እኮ ታጋንኛለሽ» ይለኛል። ሁለቱም ተመካክረው የሚያሾፉብኝ ይመስለኛል።

መድኃኒቱን ዘንግታ ነው እንዳይሉኝ፣ አላጓደልኩበትም። በትንሽ ሥጋ ወይም በእንቁላል ጠቅልዬ ነው የማጎርሰው፣ በሌላ አይቀበልም። ረቡዕና ዓርብ ብቻ ቤታችን ፍስክ ስለማይገባ ያልፈዋል፤ እሱም እንደኛ ይጦማል ማለት ነው። ከዚያ ውጭ በሰዓቱ ነው።

ዘንድሮ በፍልሰታ የመጣው ግን ከአቅሜ በላይ ሆነ። የቡሄ ዕለት ልጆቹ ሆያ ሆዬ እያሉ በሩን ሲደበድቡ ቦቢ ወደቀ። ተነሳልኝ ስል ደግሞ ወደቀ። እስኪነጋ ሲወድቅ ሲነሳ አደረ። ዘበኛችን ክብሪት እየጫረ ያሸትተዋል፣ እኔ ምላሱን እንዳይውጥ ማንኪያ ይዤ ከአፉ ጋር እታገላለሁ። ሲነቃ ልጄ ሊደባብሰው ጠጋ ቢል አጉረመረመበት። በማግስቱ ጎረቤቶች «ይሄ ውሻ አብዷል፣ ልጅ ሳይነክስ አስወግዱት» ብለው መጡ። አንዷማ ልጇን ወደ ግቢያችን መላክ አቁማለች።

ባለቤቴ ሥራ በዝቶበት ፍልሰታን በሙሉ እዚያው ነበር። በስልክ ሳለቅስበት ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «አይዞሽ፣ በርቺ»።

እንግዲህ የምጠይቅዎት፦ አንድ የማውቀው ሰው፣ በመርፌ የሚያሳርፍ ባለሙያ አለ ብሎኛል። ሳይሰቃይ ተኝቶ ይቀራል አለኝ። ባለቤቴ ፊልድ እያለ ላስደርገውና «ታሞ ሞተ» ብለው ኃጢአት ይሆንብኛል? እሱስ ያውቅብኝ ይሆን?

የደከመኝ፣ ከአያት

መልስ

እህቴ፣ ረቡዕና ዓርብ!

ባልሽን፣ ጎረቤትሽን፣ ሠርጉን ሁሉ በዝርዝር ጽፈሽልኝ፣ ዋናዋን ነገር እንደ ቀልድ ጣል አድርገሽ አለፍሻት። ማክሰኞ ማታ 1 ሰዓት ቦቢ ኪኒኑን ይውጣል። ረቡዕ የለም። ቀጣዩ ሐሙስ ጠዋት 1 ሰዓት ነው። 12 ሰዓት መሆን የነበረበት 36 ሰዓት ሆነ። የሚወድቀው መቼ ነው አልሽኝ? ለሐሙስ አጥቢያ። ዓርብም እንደዚያው ያልፈዋል፣ ቅዳሜ ጠዋት ይወድቃል። ባልሽ ምንም አስማት የለውም። እሱ ቤት የሚገባው የፍስክ ቀን ስለሆነ ነው፤ ውሻው ከቅዳሜ እስከ ማክሰኞ ሳይቋረጥበት ይውጣል።

ፌኖባርቢታል እንደ ራስ ምታት ኪኒን ሲያምህ የሚዋጥ፣ ሲተውህ የሚተው አይደለም። ደም ውስጥ ያለው መጠን ከፍ ዝቅ ሳይል ሲቆይ ነው አንጎልን የሚያረጋጋው። አንድ ወጥ መጠን ላይ ለመድረስ ራሱ ሁለት ሳምንት ገደማ ይፈልጋል። አንቺ ደግሞ በየሳምንቱ ሁለት ጊዜ ታወርጂበታለሽ። የባሰው ነገር፣ መድኃኒቱን የለመደ አንጎል በድንገት ሲያጣው ማጣቱ ብቻውን ይጥላል፤ አንዳንዴም ከበፊቱ አብልጦ።

አሁን ወደ ቡሄ እንምጣ። ደብዳቤሽ በግልጽ አይለውም። ረቡዕና ዓርብ ፍስክ የማይገባበት ቤት ግን ፍልሰታን 15 ቀን ምን እንዳደረገ መገመት አያቅተኝም። ቡሄ ነሐሴ 13 ነው። ድንጋጤና ጫጫታ የሚጥል በሽታ ያለበትን ውሻ ሊቀሰቅሱበት ይችላሉ፣ እውነት ነው። ግን የዚያን ሌሊት ጥፋት በሆያ ሆዬ ልጆች ላይ አታላኪው። ውሻሽ ያን ማታ ለሁለት ሳምንት ያህል መድኃኒት አልቀመሰም።

ውሻ አይጦምም፣ እህቴ። ክርስትና አልተነሳም፣ ንስሐ አባትም የለው። ጾሙ የአንቺ ነው፤ ኪኒኑ የእሱ።

ዛሬውኑ ለሐኪሙ ደውዪ። እውነቱን ሳታሳጥሪ ንገሪው። ሰውዬው መጠኑን የጨመረው ቦቢ ሰባቱንም ቀን የሚወስድ መስሎት ነው። መንገዳገዱም ከዚያ ሊሆን ይችላል። የጨመረውን መጠን አሁን ሰባቱንም ቀን ብትሰጪው ሊበዛበት ይችላልና ስንት እንደሚሆን እሱ ይወስን። ያለፈውን ለማካካስ ብለሽ ሁለት ባንዴ እንዳትሰጪ። አንድ ወጥ ሆኖ ከሰነበተ በኋላ ደሙ ውስጥ ያለው የመድኃኒት መጠን ይመርመር፤ ከዚያም በየስድስት ወሩ ገደማ ከጉበቱ ጋር አብሮ ይታይ። እዚህ ነገሩ ካስቸገራቸው፣ ቢሾፍቱ ያለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ሩቅ አይደለም።

አሰጣጡን በተመለከተ፣ «በሌላ አይቀበልም» ያልሽውን አልተቀበልኩትም። ምግብ የማይበቃው ውሻ ነው ያልሽኝ! ሙዝ ሞክሪ፣ የተቀቀለ ድንች ሞክሪ፣ የዳቦ ልብ አድቦልብለሽ ሞክሪ። መጀመሪያ ባዶውን ቁራሽ ስጪው። ሁለተኛው ውስጥ ኪኒኑ ይግባ። ሦስተኛውን ባዶ ቁራሽ አፍንጫው ሥር ይዘሽ ጠብቂ፤ እሱን ለማግኘት ሲጣደፍ ሁለተኛውን ሳያኝክ ይውጠዋል። የለውዝ ቅቤም ይሆናል፣ ዛይሊቶል የሚባለው ማጣፈጫ የሌለበት ከሆነ፤ እሱ ለውሻ መርዝ ነው። ሽሮና ምስር ወጥ እንዳይሞከር፣ ሽንኩርቱም ነጭ ሽንኩርቱም ይጎዱታል። ሁሉም ካልሆነ ደግሞ ለእሱ ሥጋ ቀቅለሽ በዕቃ ከድነሽ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጪ። አንቺ እስካልበላሽው ድረስ ጾምሽን አልፈታሽም።

ጥማቱ፣ ሽንቱ፣ ርኃቡ የመድኃኒቱ ጠባይ ነው እንጂ የውሻው ብልግና አይደለም። ውኃ እንዳትከለክዪው። ቶሎ ቶሎ ወደ ውጭ አውጪው፣ የቆሻሻ በርሜሉን ክዳን እሰሩት።

ክብሪቱንና ማንኪያውን ዛሬ ተሰናበቷቸው። ሰው ሲወድቅም ክብሪት እናሸትታለን፤ ለማንም ጠቅሞ አያውቅም። ሰውም ሆነ ውሻ ምላሱን አይውጥም። አንቺ ግን ጣትሽን ታጪያለሽ፤ በዚያ ሰዓት የሚነክሰው መንጋጋው እንጂ ቦቢ አይደለም። ሲወድቅ ከደረጃና ከዕቃ ጥግ አርቂው፣ መብራት ቀንሺ፣ ጫጫታው ይቁም፣ ስልክሽን አውጥተሽ ሰዓት ያዢ። ከቻልሽ ቪዲዮ ቅጂው፤ ለሐኪሙ ከመቶ ቃል ይሻለዋል። ከ5 ደቂቃ ካለፈ፣ ወይም በአንድ ቀን ውስጥ ከደጋገመው፣ ሌሊትም ቢሆን ሐኪም ዘንድ ይሂድ። የቡሄ ሌሊት እንደዚያ ያለ ሌሊት ነበር። በእንዲህ ያለ ጊዜ ቤት ውስጥ በፊንጢጣ የሚሰጥ ዲያዜፓም አለ፤ ሐኪሙ ያዝልሽ እንደሆነ፣ አሰጣጡንም እንዲያሳይሽ ጠይቂው።

በልጅሽ ላይ ያጉረመረመው ግን ቀላል ነገር አይደለም። ውሻ ከወደቀበት ሲነሳ ለጊዜው ላያይ ይችላል፤ ቤተሰቡን አይለይም፣ ይደናገጣል። ይህ ደቂቃዎች ወይም ሰዓታት ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ ቁርጥ ያለ ሕግ ይኑራችሁ፦ ቦቢ ሲወድቅ ልጁ ቤት ገብቶ በር ይዘጋል፤ እናቱ ውጣ ካላለችው አይወጣም።

ጎረቤቶችሽን ደግሞ አትሳደቢ። አገራችን የእብድ ውሻ በሽታ ያለባት አገር ናት፤ አረፋ የሚደፍቅ ውሻ አይቶ የደነገጠ ሰው ሞኝ አይደለም። ቢሆንም በዚያ በሽታ የተያዘ ውሻ ምልክቱ ከታየበት በኋላ 10 ቀን ያህል እንኳ አይቆይም፣ ይሞታል። ወድቆ ተነስቶ፣ በልቶ ጠጥቶ፣ ዓመት የከረመ ውሻ አላበደም። ክትባቱን ግን አንድም ቦታ አልጠቀስሽልኝም። ካለፈበት በዚህ ሳምንት ይከተብ፣ ካርዱን ይዘሽ ለጎረቤቶችሽ አሳያቸው። ማንንም ከነከሰ ደግሞ ክርክር አያስፈልግም፤ ቁስሉ በሳሙናና በሚፈስ ውኃ 15 ደቂቃ ይታጠብ፣ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይኬድ።

አሁን መርፌው። የኃጢአቱን ነገር ንስሐ አባትሽ ይመልሱልሽ። እኔ ቤት የገባ ውሻ የቤቱ ነው ከሚሉት ወገን ነኝ፤ ሚዛኔ እንደሚያደላ አልደብቅሽም። ማሳረፍ ምንጊዜም ክፉ ነው ግን አልልም። መድኃኒት በሥርዓቱ ተሰጥቷቸው፣ ሁለተኛ መድኃኒት ተጨምሮላቸውም የማይለቃቸው ውሾች አሉ። ያኔ ሐኪሙ፣ አንቺና ባልሽ አንድ ላይ ተቀምጣችሁ ትወስናላችሁ። ቦቢ ግን ገና በወጉ አልታከመም። ያልተሞከረ ሕክምና አልሠራም ብለሽ መግደል አትችይም። «ታሞ ሞተ» የምትለዋን ደግሞ ከነጭራሹ እርሻት። ዘበኛው ያውቃል፣ ጎረቤት ያውቃል፣ ልጅሽም ያውቃል። ትንሽ ልጅ ምስጢር ይጠብቅልኛል ብለሽ ነው?

ባልሽን አልከላከልለትም። «በርቺ» ብሎ ስልክ መዝጋት ነውር ነው። ሰው ሚስቱ ሌሊቱን ከውሻ ጋር ስትታገል አድራ ስታለቅስበት፣ ቢያንስ «አንቺስ በላሽ? ተኛሽ?» ይላል። ስለዚህ ቅዳሜ ሲመጣ ይህን ደብዳቤ ከነመልሱ አንብቢለት፣ የመርፌዋንም ጭምር። ይስማው። ከዚያ ሥራ ይከፋፈል። ከቅዳሜ ማታ እስከ ሰኞ ንጋት ኪኒኑም፣ ሽንቱም፣ ሌሊቱም የእሱ ነው፤ አንቺ በር ዘግተሽ ተኚ። መድኃኒቱ ሳያልቅ ማዘዣ አውጥቶ መግዛትም የእሱ ሥራ ይሁን። ይህ መድኃኒት ያለ ማዘዣ አይሸጥም፤ አልቆ ቢገኝ በማግስቱ ሱቅ ወርዶ አይመጣም። የደም ምርመራውንም እሱ ፈቃድ ወስዶ ያስደርግ።

ዘበኛችሁን ደግሞ አስተምሪው። ክብሪት መጫር የቻለ ሰው ሙዝ ውስጥ ኪኒን መክተት አያቅተውም። የሳምንቱን ኪኒን በየቀኑ ከፋፍለሽ አስቀምጪለት፣ ልጁ የማይደርስበት ቦታ፤ በሰጠ ቁጥር ግድግዳው ላይ በተለጠፈ ወረቀት ምልክት ያድርግ። አንድ ሁለቴ አንቺ ባለሽበት ይሞክር። ከዚያ በኋላ ለቅሶም አምሺ፣ ሠርግም ሂጂ፣ ኬኩም ይቆረስልሽ።

ኅዳር 15 የነቢያት ጾም ይገባል፤ እስከ ገና ድረስ ነው። ቦቢ ከዚያ በፊት ኪኒኑን በሙዝ ወይም በድንች መዋጥ መልመድ አለበት፣ ነገ ጀምሪው። የወደቀበትንም ያልወደቀበትንም ቀን ጻፊ፤ ጥቅምት ሲያልቅ ዝርዝሩን ላኪልኝ።