የመዳብ ፍለጋ ጥያቄዎቻችሁ፦ ደለሉ፣ አፈሩና የመለኪያ መስመሩ

በዚህ እትም ከደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ መዳብን የሚመለከቱ ስለሆኑ አምዱን ለዚሁ ሰጥተነዋል። ከታች ፒፒኤም የምንለው ከሚሊዮን አንድ እጅ ነው፤ በአንድ ቶን አለት ውስጥ አንድ ግራም ማለት ነው። 1 በመቶ 10,000 ፒፒኤም ይሆናል።

ጥያቄ፦ ከሁለት ጅረቶች ደለል ወስደን ላቦራቶሪ ላክን። የመጀመሪያው 60፣ ሁለተኛው 40 ፒፒኤም መዳብ ሆኖ ተመለሰ። የመጀመሪያው ተፋሰስ 3 ካሬ ኪሎ ሜትር፣ ሁለተኛው 50 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። የአካባቢው ተራ መጠን፣ ማዕድን የሌለበት መሬት የሚሰጠው ማለት ነው፣ 30 ፒፒኤም ገደማ ይመስላል። የቡድን መሪያችን ባለ 60ውን እንከተል ይላሉ። ልክ ናቸው?

መልስ፦ ቁጥሩን ብቻ ላየ ልክ ናቸው፤ ተፋሰሱ ሲገባበት ግን ነገሩ ይገለበጣል። ጅረት ደለሉን የሚጠርገው ከተፋሰሱ ሁሉ ነው። መዳብ ያለበት ቁራጭ መሬት ትንሽ፣ ባዶው ሰፊ በሆነ መጠን ውጤቱ እየቀጠነ ይወርዳል። ስለዚህ ከተራው መጠን በላይ ያለውን ትርፍ በተፋሰሱ ስፋት ያባዙት። የመጀመሪያው፣ 60 ሲቀነስ 30፣ ሲባዛ በ3፣ 90 ይመጣል። ሁለተኛው፣ 40 ሲቀነስ 30፣ ሲባዛ በ50፣ 500 ይሆናል። በሁለቱም ማዕድኑ የተገለጠበት መሬት ግማሽ ካሬ ኪሎ ሜትር ነው ብንል፣ የዚያ መሬት አማካይ መዳብ በመጀመሪያው 210፣ በሁለተኛው 1,030 ፒፒኤም አካባቢ መሆን አለበት። ደካማ የመሰለው ጅረት ነው ጠንካራው።

ሆኖም ወደ ሁለተኛው ከመሮጥዎ በፊት "30 ገደማ ይመስላል" ያሉትን ያጣሩ። ስሌቱ ሁሉ የቆመው በእሱ ላይ ነው። ግራናይት ብዙ ጊዜ ከ10 እስከ 20 ፒፒኤም መዳብ ብቻ ሲይዝ ባዛልት ያለ ምንም ማዕድን ወደ 100 ሊጠጋ ይችላል። በሰፊው ተፋሰስ ውስጥ ባዛልት ካለና ተራው መጠን 38 ከሆነ፣ ትርፉ 2፣ ብዜቱም 100 ብቻ ነው፤ ሁለቱ ጅረቶች እኩል ሆኑ ማለት ነው። ከዚህም ሌላ የ10 ፒፒኤም ልዩነት የናሙና አወሳሰድና የላቦራቶሪ ስህተት ተደምረው ሊውጡት የሚችሉት ነው።

ስለዚህ በሰፊው ተፋሰስ ሽቅብ ይውጡና ከእያንዳንዱ ገባር እንደገና ይውሰዱ። ናሙናው ከመገናኛው በላይ ይሁን፤ ጎርፍ ሲመጣ የዋናው ወንዝ ውሃ ወደ ኋላ ገብቶ ደለሉን ከሚቀላቅልበትም ራቅ ይበሉ። በ30 እና በ50 ሜትር መካከል ባለ ርቀት ከ5 እስከ 10 ቦታ ጥቂት ጥቂት አንሥተው አንድ ላይ ያድርጉት። ከተናደ ዳርቻ፣ ከድልድይ ሥርና ከቆሻሻ መጣያ በታች አይውሰዱ። በ0.18 ሚሊ ሜትር ወንፊት የሚያልፈው ደቃቅ ቢያንስ 100 ግራም እንዲተርፍ፣ አሸዋማ ከሆነ ሁለት ኪሎ ጥሬ ናሙና ያስፈልግ ይሆናል። በውሃ የሚያጠሩ ከሆነ ውሃውን ወዲያው አይድፉት። ደለሉ እስኪረጋ ይጠብቁ፤ አለዚያ መዳቡን የያዘው ደቃቁ ጭቃ አብሮ ይፈስሳል።

ጥያቄ፦ በአፈር ናሙና ከፍተኛው ውጤታችን 400 ፒፒኤም ነበር፤ የተገኘውም ከኮረብታ ግርጌ፣ ረግረግ ዳር ነው። ቦይ አስቆፈርን፤ አለቱ ባዶ ነው። ላቦራቶሪው ተሳስቶ ይሆን?

መልስ፦ ላቦራቶሪው ትክክል ነው ብለን እንጠረጥራለን። መዳቡ እዚያ አለ፤ የመጣው ግን ከሌላ ቦታ ነው። በኮረብታው ላይ ሰልፋይድ፣ ማለትም ብረታ ብረት ከሰልፈር ጋር የተዋሐደበት ማዕድን፣ ሲበሰብስ አሲድ ይፈጠራል፤ መዳቡ በአሲዳማው ውሃ ሟሙቶ ከመሬት በታች ቁልቁል ይሄዳል። ውሃው ከኮረብታው ግርጌ ብቅ ሲል አሲድነቱ ይቀንሳል፣ አየርም ያገኛል፣ ብረትና ማንጋኒዝ ይዘቅጣሉ። ሁለቱም መዳብ ይይዛሉ። የረግረጉ ብስባሽ ደግሞ ከእነሱ የባሰ ነው፤ መዳብን እንደ ስፖንጅ ይመጥጣል። በውጤት ወረቀትዎ ላይ ማንጋኒዝና ብረት በዚያው ነጥብ አብረው ከዘለሉ ወይም የናሙናው ቀለም ጥቁር ከነበረ ምክንያቱ ይኸው ነው። መዳቡን በማንጋኒዝ አካፍለው ካርታውን እንደገና ይሳሉት፤ የውሸቱ ጫፍ ብዙ ጊዜ ይተኛል።

ይህ ማለት ግን ነጥቡ ከንቱ ነው ማለት አይደለም። ውሃው ከየት እንደመጣ ይጠቁማል። ቦዩን ትተው ዳገቱን ይዩ።

ስለ አወሳሰዱም ከደብዳቤው የገባን ነገር አለ። "ሁሉንም በ30 ሳንቲ ሜትር ወሰድን" ብለዋል። ሜትር ይዞ ጥልቀት መለካት ቀላል ነው፤ አፈር ግን በሜትር አይደረደርም። ሊወስዱት የሚገባው ከጥቁሩ የላይ አፈር በታች ያለውን፣ ብዙ ጊዜ ቀላ ወይም ቡናማ ያለውን ሁለተኛ ንጣፍ ነው። እሱ አንድ ቦታ በ15፣ ሌላ ቦታ በ50 ሳንቲ ሜትር ይገኛል። ከአንዱ ነጥብ ጥቁሩን፣ ከሌላው ቀዩን ከወሰዱ ካርታዎ የሚያሳየው የአፈር ዓይነት ልዩነትን እንጂ መዳብን አይደለም። በየነጥቡ ጥልቀቱን፣ ቀለሙን፣ የዳገቱን አቅጣጫና አፈሩ በቦታው የተፈጠረ ወይም በጎርፍ የመጣ መሆኑን ይመዝግቡ። በመጣ አፈር ላይ የተለመደው የአፈር ናሙና ከሥሩ ስላለው አለት ብዙም አይናገርም።

መስመሮቹ አለቱ የተዘረጋበትን አቅጣጫ በቀጥታ አቋርጠው ይለፉ። ሰፊና የተበተነ ክምችት ለሚፈልግ በመስመሮች መካከል ከ200 እስከ 400 ሜትር፣ በነጥቦች መካከል 50 ሜትር ይበቃል፤ ለቀጭን የማዕድን ደም ሥር 100 በ25 ያድርጉት። ቆፋሪው ቀለበትና አምባር ያውልቅ፤ ዚንክ የተቀባ ወይም ቀለም ያለው መሣሪያ አይጠቀም። ከየ20ው ናሙና መዳቡ የታወቀ አንድ ስታንዳርድ፣ መዳብ የሌለበት አንድ ባዶ፣ ከአንድ ነጥብ ሁለቴ የተወሰደ አንድ የመስክ ጥንድ ያስገቡ፤ የትኞቹ እንደሆኑ ላቦራቶሪው አይወቅ። ጥንዶቹ ሳይቀራረቡ ከመጡ ችግሩ ከመስኩ ነው፣ ስታንዳርዱ ከሳተ ከላቦራቶሪው ነው። ባዶው መዳብ ካሳየ ናሙናዎች ሲፈጩ ተነካክተዋል።

ጥያቄ፦ በእጅ የሚያዘው የኤክስሬይ መለኪያ ላቦራቶሪን ይተካል?

መልስ፦ አይተካም፤ ግን ቀጣዩን ናሙና የት እንደሚወስዱ በዕለቱ ይነግርዎታል፣ ይህም ቀላል ነገር አይደለም። እርጥብ አፈር ላይ ደግነው አይለኩ፤ እርጥበት ቁጥሩን ያወርደዋል። ያድርቁ፣ ይንፉ፣ በቀጭን ፕላስቲክ በተሸፈነ ኩባያ ውስጥ ጠቅጥቀው አንድ ደቂቃ ያህል ያስነብቡት። በየጥቂት ሰዓቱ በስታንዳርድ ይፈትሹት። ከአሥር ናሙናዎች አንዱን ላቦራቶሪ ልከው ማስተካከያ ያውጡ። ወርቅ በዚህ መሣሪያ አይፈልጉ።

ጥያቄ፦ የአይፒ ዳሰሳ አሠራን። ባለ ሁለት ሁለት ኤሌክትሮድ አቀማመጥ፣ በኤሌክትሮዶቹ መካከል 50 ሜትር፣ እስከ ስድስተኛ ደረጃ (ጥንዶቹ በዚህ ርቀት ስድስት እጥፍ እስኪራራቁ)። በመስመሩ መካከል 35 ሚሊቮልት በቮልት አገኘንና በሥዕሉ ላይ እጅግ ቀይ የሆነውን፣ ንባቡ ከፍተኛ የሆነበትን ቦታ መትተን 150 ሜትር ቆፈርን። ያገኘነው ፓይራይት (መዳብ የሌለው የብረት ሰልፋይድ) ብቻ ነው። መዳቡ የት ሄደ?

መልስ፦ አይፒ መሬቱን በኤሌክትሪክ ሞልቶ፣ ኃይሉ ሲቋረጥ ክፍያው እንዴት እንደሚረግብ ይለካል። ክፍያውን የሚይዙት በአለቱ ውስጥ የተበተኑ የብረታ ብረት ሰልፋይዶች ናቸው። የመዳቡን ቻልኮፓይራይት ከፓይራይት ግን አይለይም፤ ግራፋይትም ያታልለዋል፣ አንዳንድ ሸክላም እንዲሁ። 35 ማለት "እዚህ ሰልፋይድ በርከት ይላል" ነው፤ ከዚያ ያለፈ አልተናገረም።

ፖርፊሪ በሚባለው የክምችት ዓይነት ደግሞ ወጥመዱ የባሰ ነው። መዳቡ በብዛት የሚገኘው መሃል ላይ፣ ፖታሲየም በበዛበትና ማግኔታይት የተባለው ማግኔታዊ የብረት ማዕድን ሊኖርበት በሚችል አለት ውስጥ ነው፤ እዚያ አጠቃላይ ሰልፋይዱ መጠነኛ ነው። ዙሪያውን የከበበው የፓይራይት ቀለበት ግን ከ5 በመቶ በላይ ሰልፋይድ ሊይዝ ይችላል። አይፒ በደማቁ የሚያበራው ቀለበቱን ነው። ስለዚህ "ከሁሉ ቀይ" የሆነውን ቦታ የቆፈረ ሰው ፓይራይት ማግኘቱ ሊያስገርመው አይገባም። በቀለበቱ ውስጠኛ ትከሻ ላይ፣ ንባቡ መካከለኛ የሆነበትን፣ አፈሩ መዳብና ሞሊብዲነም አብረው የሚያሳዩበትን ይፈልጉ። ዚንክና ማንጋኒዝ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ውጭ ይገፋሉ፤ እነሱ ከፍ ብለው ሞሊብዲነም ከጠፋ ከመሃሉ ርቀዋል።

ሁለተኛው ጉዳይ ጥልቀት ነው። በዚህ አቀማመጥ በስድስተኛው ደረጃ መካከለኛ የምርመራ ጥልቀት የኤሌክትሮዱ ርቀት 1.73 እጥፍ ነው። በ50 ሜትር 86 ሜትር ገደማ ይሆናል፤ በ100 ሜትር 173። ጉድጓድዎ ከ86 በታች የሄደው ያለ መረጃ ነው ቢባል ብዙም ማጋነን አይሆንም።

ሦስተኛ፣ የቆፈሩት በየትኛው ሥዕል ነው? ከንባቦቹ በቀጥታ የሚሳለው ጥሬው ሥዕል የመሬት ቁራጭ ይመስላል እንጂ አይደለም። ከላይ ያለ ትንሽ አካል ከሥሩ በ45 ዲግሪ ወደ ግራና ወደ ቀኝ የሚወርዱ ሁለት የሱሪ እግሮች ይሠራል። እግሩን የቆፈረ ባዶ ያገኛል። በኮምፒውተር ስሌት ወደ ሞዴል የተለወጠውን ይጠይቁ፤ ሞዴሉ ከጥሬው ንባብ ጋር ምን ያህል እንደሚጣጣምም አብሮ ይምጣ።

መስክ ላይ የሚበላሸው ብዙውን ጊዜ ተራ ነገር ነው። ቮልቴጅ ለመለካት በመዳብ ሰልፌት ሙሌት የተሞሉ ባለ ቀዳዳ ሸክላዎች ይጠቀሙ፤ የብረት ካስማ ከሆነ አሁን የኤሌክትሪክ ጅረት ያለፈበትን ወዲያው መቀበያ አያድርጉት፣ ራሱ ክፍያ ይዞ ይቆያል። ደረቅ መሬት ላይ ካስማውን በጨው ውሃ ያርሱት። የሽቦ አጥር፣ የብረት ቧንቧና የኤሌክትሪክ መስመር ያሉበትን በማስታወሻ ያስፍሩ፤ አጥር ፍጹም የሰልፋይድ መልክ ያወጣል። እያንዳንዱን ንባብ ቢያንስ ሁለቴ ይድገሙ። አስተላላፊው በሺህ የሚቆጠር ቮልት ሊያወጣ ስለሚችል በየካስማው ጠባቂ ይቁም። ነጎድጓድ ከተሰማ ሽቦው ይለቀቅ።

ጥያቄ፦ ማግኔቶሜትር መዳብ ያሳያል?

መልስ፦ መዳቡን አያሳይም፤ ቻልኮፓይራይት ማግኔታዊ አይደለም። የሚያሳየው ማግኔታይትንና ፒሮታይትን፣ እንዲሁም ስብራቶችንና የአለት ድንበሮችን ነው። ማግኔታይቱ በፍል ውሃ ተበልቶ የጠፋበት ዝቅተኛ ንባብም እንደ ከፍተኛው ሁሉ ሊጠቅም ይችላል። በምድር ማግኔት ወገብ አቅራቢያ ለሚሠሩ አንድ ማሳሰቢያ፦ እዚያ ማግኔታዊው አካል በቀጥታ ከላዩ የሚሰጠው ዝቅተኛ ንባብ ነው። ከፍ ያለውን ብቻ የሚያሳድድ ሰው አጠገቡን ይቆፍራል። የሚለካው ሰው ቁልፍ፣ ስልክና የቀበቶ ዘለበት አይያዝ፤ የቋሚ ጣቢያው ንባብ የማግኔት ማዕበል ካሳየ የዕለቱ ሥራ ይቁም።

ጥያቄ፦ ብረታማ ቀይ ቡናማ ኮፍያ የለበሰ ኮረብታ አለ፤ የአለት ናሙናዎቹ መዳብ ያላቸው እዚህ ግባ የማይባል ነው። እንተወው?

መልስ፦ አይተዉት። አሲዱ መዳቡን ከላይ አጥቦ ወደ ታች አውርዶት ሊሆን ይችላል፤ ከውሃው ወለል አካባቢ ቻልኮሳይት የተባለ የመዳብ ሰልፋይድ ሆኖ በድጋሚ ይከማቻል። በቺሊ በ1981 የተገኘው ኤስኮንዲዳ እንዲህ ያለ የታጠበ ኮፍያ ለብሶ ነበር። በኮፍያው ላይ መዳብን ሳይሆን ሞሊብዲነምን ይለኩ፤ በአሲድ ውስጥ እሱ ብዙም አይንቀሳቀስም። ሰልፋይዶቹ በስብሰው ባዶ የቀሩትን ጉድጓዶችም በማጉያ መነጽር ይዩ፤ ቅርጻቸውና በውስጣቸው የቀረው የብረት ዝገት ቀለም ምን እንደነበረ ይጠቁማል። በተቃራኒው ደግሞ አለት ላይ የተቀባ የሚመስል ደማቅ አረንጓዴ የመዳብ ማዕድን፣ ማላካይት፣ ሲያዩ ይረጋጉ። ትንሽ መዳብ ብዙ ቀለም ይሰጣል።

ጥያቄ፦ በኤሌክትሮማግኔቲክ ዳሰሳ ኤሌክትሪክ በደንብ የሚያስተላልፍ አካል አግኝተን ቆፈርን። ጉድጓዱ ባዶ ነው። የመቆፈሪያ ማሽኑን እናንሣ?

መልስ፦ ገና ነው። መጀመሪያ የሚጠየቀው "መዳብ አለ ወይ?" ሳይሆን "ንባቡን የፈጠረው ነገር ተገኝቷል ወይ?" ነው። ከጉድጓዱ በወጣው የአለት ዘንግ ላይ የመልቲሜትር ጫፎችን እያሳረፉ ያስተላልፍ እንደሆነ ይፈትሹ። ግራፋይታማ ጥቁር አለት ካገኙ ተመልሷል፤ መልሱ ያ ነው። ምንም የሚያስተላልፍ ነገር ከሌለ ግን አካሉን አልመቱትም፤ ወይ ከጎን አልፈውታል ወይ ዝንባሌው ከገመቱት ተቃራኒ ነው። ያኔ የጉድጓድ ውስጥ መለኪያ ይግባ፤ ከጉድጓዱ ጎን በአሥሮች ሜትር ርቆ ያለን አካል አቅጣጫውን ጭምር ሊያሳይ ይችላል። ለዚህ ግን ማሽኑ ከመነሣቱ በፊት የፕላስቲክ ቱቦ እስከ ታች መውረድ አለበት። የብረት ቱቦ ከገባ ንባቡን ይሸፍነዋል፤ ምንም ካልገባ ደግሞ ጉድጓዱ ሊደረመስ ይችላል፣ መለኪያውም ሲመጣ የሚገባበት አያገኝም።