ሻጩ ኮምፕሬሰርህን አላየውም

ከድሬዳዋ፣ ከሳቢያን ሰፈር የጻፈልኝ ልጅ ባጃጅ ቀለም መቀባት ጀምሯል። ያለው ባለ 2 ፈረስ ጉልበት፣ ባለ 50 ሊትር ኮምፕሬሰር ነው። ሱቅ ውስጥ በዋጋ የሚቀራረቡ ሁለት ስፕሬይ ጋኖች አይቷል፦ አንዱ ኤችቪኤልፒ (HVLP፣ ብዙ አየር በዝቅተኛ ግፊት)፣ አፉ 1.4 ሚሊ ሜትር፤ ሌላው ኤልቪኤልፒ (LVLP፣ ጥቂት አየር በዝቅተኛ ግፊት)፣ 1.3። «ጋሼ፣ ሻጩ የመጀመሪያውን ውሰድ አለኝ፤ የቱን ልግዛ?» ይላል።

ሻጩ አልዋሸህም። ኤችቪኤልፒ ጥሩ ዕቃ ነው፤ ቀለምም ይቆጥባል። ችግሩ አየር ይጠጣል። አብዛኛው በደቂቃ 300 ሊትርና ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ያንተ ኮምፕሬሰር ላይ 200 ተብሎ ቢጻፍ እንኳ፣ ያ ፒስተኑ የሚስበው ነው። በአየር ጎማው የሚወጣውን 130 ገደማ ብለህ ያዘው። እኔም ድሮ ይህን ሳላሰላ አንድ በር ቀባሁ፤ ላዩ መስታወት፣ ታቹ የብርቱካን ልጣጭ ሆኖ ወጣ። በሩን እንደገና በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጌ ከዜሮ ጀመርኩ።

ኤልቪኤልፒውን ግዛ። ብዙዎቹ ከ100 እስከ 200 ሊትር ይበቃቸዋል፤ ያንተ 130 የሚበቃው መሆኑን ካርቶኑ ላይ አንብብ። አረጫጨቱ ጠበብ ይላል፣ ሥራውም ይዘገያል። ግን ባጃጅ ምን ስፋት አለው? አይሱዙ ይዘውብህ ከመጡ ያኔ ሌላ ኮምፕሬሰር እናወራለን።

ከመክፈልህ በፊት ውኃ ሞልተህ ካርቶን ላይ ርጭ። ቅርጹ እኩል ሞላላ መሆን አለበት። ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ የፊት ቆቡን ግማሽ ዙር አዙረህ ድገም። ጉድለቱ አብሮ ከዞረ ቆቡ ነው፤ ታጥቦ ሊስተካከል ይችላል። ባለበት ከቀረ አፉ ወይም መርፌው ነው፤ እሱን ተወው።

አሁን ደግሞ ሙቀታችን። እኩለ ቀን ላይ ከረጨህ ቀለሙ ላሜራው ጋ ሳይደርስ አየር ላይ ይደርቃል፤ በእጅህ ስትዳብሰው አሸዋ አሸዋ ይላል። ዘግይቶ የሚደርቅ ቲነር ጠይቅ። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ጀምር፣ በርጫ ሳይደርስ ጨርስ። ሃርድነር (ማጠንከሪያ) ያለው ቀለም ከሆነ ደግሞ፣ አቦ፣ ፎጣ አፍህ ላይ ማሰር ዋጋ የለውም፤ የከሰል ማጣሪያ ያለው ማስክ አድርግ።

ብር ከተረፈህ ውስጡ 8 ሚሊ ሜትር የሆነ 10 ሜትር ጎማ ጨምርበት። ቀጭኑ ጎማ ያለችህን ግፊት መንገድ ላይ ይበላብሃል።