ስለ አመክንዮ ጠይቃችኋል፦ ሦስቱም ዐረፍተ ነገሮች እውነት ሆነው ሙግቱ ለምን ይወድቃል?

ጥያቄ፦ ሎጂክ ፈተና ላይ «አጥቢ እንስሳት ሁሉ ልብ አላቸው፤ ውሻ ልብ አለው፤ ስለዚህ ውሻ አጥቢ እንስሳ ነው» የሚለውን ሙግት «ቫሊድ ነው» ብዬ መለስሁና ተሰረዘብኝ። ሦስቱም እውነት አይደሉም እንዴ?

መልስ፦ እውነት ናቸው፤ መሰረዙም ልክ ነው። እውነት ወይም ሐሰት የሚባለው አንድ ዐረፍተ ነገር ነው። ቫሊድነት ግን በመንደርደሪያዎቹ (ለማስረጃ በሚቀርቡት ዐረፍተ ነገሮች) እና በድምዳሜው (ከእነሱ ተነሥተን በምንደርስበት) መካከል ያለውን ማሰሪያ ይመለከታል። መንደርደሪያዎቹ ሁሉ እውነት ሆነው ድምዳሜው ሐሰት የሚሆንበት አንዳች መንገድ ከሌለ ሙግቱ ቫሊድ ነው።

መፈተኛው እንዲህ ነው። ቃላቱን አውጥተው በምትካቸው ፊደል ያስገቡ፦ ሀ የሆነ ሁሉ ለ አለው፤ መ ለ አለው፤ ስለዚህ መ ሀ ነው። አሁን በ«መ» ቦታ እርግብን ያስገቡ። አጥቢ እንስሳት ሁሉ ልብ አላቸው፤ እርግብም ልብ አላት፤ ስለዚህ እርግብ አጥቢ እንስሳ ናት! ቅርጹ ያው ነው፣ መንደርደሪያዎቹም እውነት ናቸው፣ ድምዳሜው ግን ሐሰት ነው። እንዲህ ያለ አንድ ተቃራኒ ምሳሌ ቅርጹን ለመጣል ይበቃል። የውሻው ድምዳሜ እውነት የሆነው ስለ ውሻ አስቀድመን ስለምናውቅ ነው፤ ከመንደርደሪያዎቹ አልመጣም።

ብዙዎች የሚሳሳቱት ቃሉን አንድ ቦታ ላይ ለውጠው ሌላው ቦታ ላይ ሲረሱት፣ ወይም እውነትነቱ የሚያጠራጥር መንደርደሪያ ሲመርጡ ነው። ተቃራኒ ምሳሌ አለማግኘትዎ ደግሞ ሙግቱን ቫሊድ አያደርገውም፤ ምናልባት በደንብ አልፈለጉ ይሆናል። ያኔ ክብ ይሣሉ። «ልብ ያላቸው» ትልቁ ክብ፣ «አጥቢዎች» በውስጡ ያለ ትንሽ ክብ ይሁኑ። ውሻን ትልቁ ክብ ውስጥ እንድናስቀምጠው ታዘናል፤ ትንሹ ውስጥ እንድናስገባው ግን የሚያስገድደን ነገር የለም። አሪስቶትል በጀመረው የሦስት ዐረፍተ ነገር ሙግት 256 ቅርጾች አሉ፤ በዘመናዊው አቆጣጠር፣ «የተጠቀሰው ዓይነት ነገር ቢያንስ አንድ አለ» የሚል ግምት ካልታከለ፣ ቫሊድ የሚሆኑት 15 ብቻ ናቸው። ስለዚህ ከመሸምደድ መሣል ይሻላል እንላለን።

የተገላቢጦሹም አለ፦ «ወፎች ሁሉ ይበርራሉ፤ ሰጎን ወፍ ናት፤ ስለዚህ ሰጎን ትበርራለች።» ይህ ቫሊድ ነው፤ የወደቀው በመጀመሪያው መንደርደሪያ ሐሰትነት ነው። ቫሊድም ሆኖ መንደርደሪያዎቹ በሙሉ እውነት ሲሆኑ ሙግቱ «ሳውንድ» ይባላል።

ጥያቄ፦ ድምዳሜ ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው?

መልስ፦ አይደለም። «አውሮፕላኑ ዛሬ አይነሣም፤ ጉሙ አልተገለጠምና» ሲባል ድምዳሜው ቀድሟል። በግስ መጨረሻ የምትለጠፈው «ና» እና «ምክንያቱም» መንደርደሪያን ያመለክታሉ፤ «ስለዚህ» እና «በመሆኑም» ድምዳሜን። «ስለ» ላይ ግን ይጠንቀቁ። «መስተዋቱ የተሰበረው ስለወደቀ ነው» ሙግት አይደለም፤ መሰበሩን የተጠራጠረ የለም፣ የተነገረው መንሥኤው ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ «ሀ ከሆነ ለ ነው» የሚለውን ስሠራ አቅጣጫው ይምታታብኛል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ የእንግሊዙ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ፒተር ዋሰን በ1966 እ.ኤ.አ. ካቀረበው ፈተና ጋር የሚመሳሰል ልምምድ ይሥሩ። አራት ካርዶች አሉ፤ እያንዳንዱ በአንድ ፊቱ ቅርጽ፣ በሌላው ቁጥር አለው። የሚታዩት ክብ፣ ሦስት ማዕዘን፣ 4 እና 7 ናቸው። ሕጉ «በአንዱ ፊት ክብ ካለ በሌላው ተጋማሽ ቁጥር አለ» ይላል። ሕጉ መጣሱን ለማወቅ የግድ የሚገለበጡት የትኞቹ ናቸው?

አብዛኛው ሰው ክብን እና 4ን ያነሣል። 4 ግን አይጠቅምም፤ ጀርባው ክብ ቢሆን ሕጉ ተከብሯል፣ ሦስት ማዕዘን ቢሆንም ሕጉ ስለ ሦስት ማዕዘን ምንም አላለም። መልሱ ክብ እና 7 ነው፤ ከ7 ጀርባ ክብ ከወጣ ሕጉ ፈርሷል። «ሀ ከሆነ ለ» በ«እውነት ሠንጠረዥ» (የሀ እና የለ እውነትነትና ሐሰትነት ጥምረቶች ሁሉ በሚዘረዘሩበት ሠንጠረዥ) ካሉት አራት ረድፎች በአንዱ ብቻ ሐሰት ይሆናል፦ ሀ እውነት፣ ለ ሐሰት ሲሆን። ስለዚህ ከ«ሀ ነው» ወደ «ለ ነው»፣ ከ«ለ አይደለም» ወደ «ሀ አይደለም» መሄድ ይቻላል። ከ«ለ ነው» ወደ «ሀ ነው»፣ ከ«ሀ አይደለም» ወደ «ለ አይደለም» መሄድ ግን አይቻልም።

ጥያቄ፦ የ«ሁሉም ተማሪዎች አልፈዋል» ተቃራኒ «ሁሉም ተማሪዎች አላለፉም» ነው?

መልስ፦ ይህ አባባል በአማርኛ ሁለት ትርጉም ስላለው ፈተና ላይ ባይጠቀሙበት ይሻላል። አንዱ ሰሚ «ማንም አላለፈም» ብሎ ይረዳዋል፣ ሌላው «ያላለፉም አሉ» ብሎ። ዐረፍተ ነገሩን በትክክል የሚያፈርሰው ሁለተኛው ነው። ከ40 ተማሪዎች 39ኙ ቢያልፉ «ሁሉም አልፈዋል» ሐሰት ነው፤ «ማንም አላለፈም» የሚለውም ሐሰት ነው። ሁለቱ አብረው ሐሰት መሆን ከቻሉ አንዱ የሌላው አፍራሽ አይደለም። «ቢያንስ አንድ ያላለፈ ተማሪ አለ» ብለው ይጻፉ።