የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ክሎራይዱ ከየት መጣ?

ጥያቄ፦ ይድረስ ለዓምዱ አዘጋጅ። በድሬዳዋ የሁለተኛ ዓመት የኬሚስትሪ ተማሪ ነኝ። መምህራችን ምንነቱ ያልተገለጸ ነጭ ጨው ለእያንዳንዳችን ሰጥተው፣ በውስጡ ያለው አንድ ካታዮን (አዎንታዊ ሙል ያለው አዮን) እና አንድ አናዮን (አሉታዊ ሙል ያለው አዮን) ብቻ መሆኑን ነግረውን፣ ለይተን እንድናመጣ አዘዙን። ዲስቲልድ ውሃ (ተንኖ የተጣራ ውሃ) አልቆ ስለነበር 5 ግራም ያህሉን በ50 ሚሊ ሊትር የቧንቧ ውሃ አሟሟሁት፤ ወዲያውኑ ሟሟ። በሽቦ ነክሬ እሳት ላይ ስይዘው ነበልባሉ ቢጫ ሆነ። ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ስጨምርበት ነጭ ዝቃጭ ወጣ፤ አብዝቼ ብጨምርም ዝቃጩ አልሟሟም፣ ሳሞቀውም የአሞኒያ ሽታ አልነበረውም። በሃይድሮክሎሪክ አሲድ አረፋ አላወጣም፤ ባሪየም ክሎራይድ ሲገባበት ግን ወፍራም ነጭ ዝቃጭ ሰጠ። በሌላ ቱቦ አሲድና ሲልቨር ናይትሬት ስጨምር ደግሞ ስስ ነጭ ድፍርስ አየሁ። ስለዚህ ሶዲየም፣ ካልሲየም፣ ሰልፌትና ክሎራይድ ብዬ ጻፍኩ፤ መምህሩም «ሁለት ነው ያልኩት፣ አራት አመጣህ» ብለው ወረቀቱን መለሱልኝ። ስህተቴ የት ላይ ነው?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ያዩትን በጥንቃቄ መዝግበዋል፤ ቢጫውም፣ ዝቃጩም፣ ድፍርሱም በእርግጥ ነበሩ። የተሳሳቱት በቱቦው ውስጥ የታየው ሁሉ ከጨው የመጣ ነው ብለው በመውሰድዎ ነው።

ከውሃው እንጀምር። ድሬዳዋ የምትጠጣው ከከርሰ ምድር የሚወጣ ውሃ ነው። በአካባቢው ያለው ምድር ለሲሚንቶ ሥራ የሚውለው የኖራ ድንጋይ የበዛበት ስለሆነ፣ ወደ ታች የሚሰርገው የዝናብ ውሃ ከአየርና ከአፈር በወሰደው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ድንጋዩን እያሟሟ የካልሲየምና የባይካርቦኔት አዮኖችን ይሸከማል። የከተማው ሰው በማንቆርቆሪያው ውስጥ ተጋግሮ የሚያገኘው ነጭ ቅርፊት ከዚሁ የሚወጣ ካልሲየም ካርቦኔት ነው። እንዲህ ያለው ውሃ ምንም ጨው ሳይጨመርበት በሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ይደፈርሳል፤ ክሎራይድም ስላለበት ሲልቨር ናይትሬት ሲንጠባጠብበት ነጭ ይሆናል። ስለሆነም ለእያንዳንዱ ሙከራ ጎን ለጎን ሁለት ቱቦ ማቆም ይገባል፤ በአንደኛው ሙሙቱ (ጨው የሟሟበት ውሃ)፣ በሁለተኛው ያው ውሃ ብቻውን ይደረግና፣ አሲዱም ሌላውም ሁሉ በሁለቱ ላይ በእኩል ጠብታ ይጨመራል። የሚቆጠረው በሁለቱ መካከል የታየው ልዩነት ነው። ይህን ሁለተኛ ቱቦ ብዙ ተማሪዎች ጊዜ እንደ ማባከን ያዩታል፤ እኔ ግን ከሁሉም ሙከራዎች በፊት ሊለመድ የሚገባው እርሱ ነው ብዬ አምናለሁ።

ዲስቲልድ ውሃ ሲጠፋ በነዳጅ ማደያና በመለዋወጫ ሱቅ የሚሸጠው የባትሪ ውሃ ሊያገለግል ይችላል። ነገር ግን በዚያው መደርደሪያ ላይ የሚገኘው የባትሪ አሲድ ቀጭን ሰልፈሪክ አሲድ ስለሆነ፣ ተሳስተው ቢገዙት የሰልፌት ሙከራዎን በሙሉ ያበላሽብዎታል፤ እጅዎንም ያቃጥላል። አሲድን በቀለም ለውጥ በሚያሳየው የሊትመስ ወረቀት ይፈትኑት፤ በባሪየም ክሎራይድና በሲልቨር ናይትሬትም ለብቻው ይሞክሩት።

አሁን ወደ ካልሲየሙ እንምጣ። ይህ ጨው ካልሲየም ሰልፌት ሊሆን እንደማይችል የሚያሳየውን ማስረጃ ራስዎ በደብዳቤዎ ጽፈውታል፤ ያውም በሁለት ቃላት፦ «ወዲያውኑ ሟሟ»። አንድ ሊትር ውሃ የሚያሟሟው ካልሲየም ሰልፌት ከ2 ግራም ብዙም አይበልጥም፤ በ50 ሚሊ ሊትር ውስጥ እንግዲህ 0.1 ግራም ያህል ብቻ ይሟሟል ማለት ነው። የቀረው ከታች ተቀምጦ ይታይ ነበር፤ እርስዎ ግን 5 ግራም ጨምረው ምንም አልቀረም። የሟሟበትን ሁኔታ እንደ ዝግጅት እንጂ እንደ ሙከራ ስለማንቆጥረው ይህን የመሰለ ማስረጃ እናልፈዋለን።

ሰልፌቱ ግን ትክክል ነው። ዝቃጩ ወፍራም መሆኑና አሲድ ባለበት መውጣቱ፣ ከውሃው የመጣ ካርቦኔት አለመሆኑን ያሳያል። ከሰልፌት ጋር በቀላሉ የሚሟሟ፣ በሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ነጭ ዝቃጭ የሚሰጥ፣ ዝቃጩም አብዝተው ሲጨምሩ የማይሟሟ ካታዮን ማን ነው? አሉሚኒየምና ዚንክ ቢሆኑ ዝቃጩ ሲጨመርበት ይሟሟ ነበር፤ የእርሳስ ሰልፌት ደግሞ መጀመሪያውኑ በውሃ አይሟሟም። የሚቀረው ማግኒዥየም ነው። ማግኒዥየም ለነበልባል ቀለም ስለማይሰጥ የእሳቱ ሙከራ ስለ እርሱ ምንም አልነገረዎትም።

ታዲያ ቢጫው ምንድን ነው? የሶዲየም ቢጫ እጅግ ጥቂት በሆነ መጠን እንኳ ይታያል፤ ሽቦውን የነካ ጣት ላብ ይበቃዋል፣ የቧንቧው ውሃም ሶዲየም አለበት። ሽቦውን በጠንካራ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ እየነከሩ፣ ብቻውን ሲያዝ ነበልባሉን የማይቀይር እስኪሆን ድረስ ደጋግመው ያቃጥሉት። ጨውዎ በእርግጥ ሶዲየም ቢኖረው ኖሮ ቢጫው ደማቅ ሆኖ ይቆያል፤ ከቆሻሻ የመጣው ግን ብልጭ ብሎ ይደበዝዛል።

የክሎራይዱ ጉዳይ ከሁሉም የረቀቀ ነው፤ ለዚያ ስስ ድፍርስ ሦስት ምንጭ ይታየኛል። አንደኛው የተናገርነው ውሃ ነው። ሁለተኛው አሲዱ ነው፤ የትኛውን አሲድ እንደጨመሩ አልገለጹም፤ ሃይድሮክሎሪክ ከሆነ ግን ክሎራይዱን ያስገቡት ራስዎ ነዎት፤ ከሲልቨር ናይትሬት በፊት የሚጨመረው ናይትሪክ አሲድ ብቻ ነው። ሦስተኛውን መጻሕፍት ሁልጊዜ አያነሡትም፦ ሲልቨር ሰልፌትም በውሃ የሚሟሟው በጥቂቱ፣ በሊትር 8 ግራም ገደማ ስለሆነ፣ የእርስዎን ያህል ሰልፌት በበዛበት ሙሙት ውስጥ ነጭ ሆኖ ሊወጣ ይችላል። ይህን ለመለየት በዲስቲልድ ውሃ ማቅጠን ይበቃል፤ ሲልቨር ሰልፌት ከሆነ ይጠፋል፣ ሲልቨር ክሎራይድ ከሆነ ግን አይጠፋም፤ ብርሃን ላይ ሲቆይም ወደ ግራጫ ሐምራዊ ይጠቁራል። በሰልፌቱ ቱቦ ውስጥ የቀረውን ፈሳሽ ለዚህ ሙከራ እንዳይጠቀሙበት አደራ እላለሁ፤ የጨመሩት ባሪየም ክሎራይድ ክሎራይድ ይዞ ገብቷልና። ባሪየም ክሎራይድ መርዝ ስለሆነ ከነካኩት በኋላ እጅዎን ሳይታጠቡ ምንም አይቅመሱ።

ማግኒዥየሙን ለማረጋገጥ ጨውን እንደገና በዲስቲልድ ውሃ ያሟሙና፣ አሲድ ባልገባበት ሙሙት ላይ ቀጭን የአሞኒያ ሙሙት ይጨምሩ። ማግኒዥየም ነጭ ዝቃጭ ይሰጣል፤ ካልሲየም ግን በአሞኒያ አይዘቅጥም። አሞኒየም ክሎራይድ አብዝተው ሲጨምሩበት ዝቃጩ ተመልሶ ከሟሟ፣ ጨውዎ ማግኒዥየም ሰልፌት መሆኑን ለመምህርዎ ጽፈው ይስጡ፤ የመጀመሪያው ሙከራ በቧንቧ ውሃ መሠራቱንም በሪፖርቱ ላይ ሳይደብቁ ያስፍሩት።