«የወተት ርዝራዥ ሊኖረው ይችላል» የሚለውን ቪጋን ይብላው?

እህቴ፣ ቪጋን ነኝ፣ ማለትም ሥጋም ሆነ ወተት፣ ከእንስሳ የሚገኝ ምንም ነገር አልበላም ብለሻል። ፒያሳ የገዛሽው ጥቁር ቸኮሌት ጀርባው ላይ «የወተት ርዝራዥ ሊኖረው ይችላል» ስለሚል ልብላው ወይ ብለሽ ጠይቀሻል። እኔ ብዪው ነው የምልሽ።

ጽሑፉ አለርጂ ላለባቸው የተጻፈ ነው። ወተት ጨምረውበታል ማለት አይደለም። በዚያው ማሽን የወተት ቸኮሌትም ስለሚሠራ፣ ማሽኑ ቢጸዳም ትንሽ ሊቀር ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1944 እንግሊዝ አገር የተመሠረተው ቪጋን ሶሳይቲ የተባለው የቪጋኖች ማኅበርም ቪጋንነትን ከእንስሳት የሚገኘውን «በተቻለ መጠን» መተው ብሎ ነው የሚተረጉመው። ዋናው ከምን እንደተሠራ የሚዘረዝረው ክፍል ነው። እዚያ የወተት ዱቄት ካየሽ ተዪው።

ባለፈው አንድ ኬክ ቤት የጾም ኬክ ሊቆርጡልኝ ሲሉ ቢላው ላይ የፍስኩ ክሬም ነጭ ሆኖ ተለጥፏል። «እባክሽ እሱን ጥረጊልኝ» አልኳት፣ ጠረገችው፣ በላሁ። ለእኔ ያ ይበቃኛል። የወተት አለርጂ ያለበት ሰው ግን በዚያ ቢላ የተቆረጠ ነገር አፉ ባያደርስ ይሻለዋል። አንቺም አለርጂ ካለብሽ ቸኮሌቱን እንዳትነኪው።

ደግሞ ምግብ ቤት ስትገቢ «የጾም ነው» ሲሉሽ ዝም ብለሽ አትቀበዪ። በጾም ዓሣ የሚበሉ ብዙ ስለሆኑ ዓሣ እንዳለው ጠይቂ።