ስለ «መዲና» ለወጣት ተርጓሚዎች

ውድ ልጆቼ፣

የትርጉም ሥራ በጀመርሁበት ዘመን፣ በአንድ የዕብራይስጥ ጽሑፍ ውስጥ «መዲና» የሚል ቃል ባገኝ ያለ አንዳች ጥርጣሬ «ዋና ከተማ» ብዬ አለፍሁት። አራሚዬ የነበሩት አዛውንት ቃሉን በቀይ አስምረው፣ «ይህ አገር እንጂ ከተማ አይደለም» ብለው በኅዳጉ ጻፉበት። ያ ስሕተት እስከ ዛሬ ይቆጨኛል፤ መዝገበ ቃላቱ አጠገቤ ተቀምጦ ሳለ፣ ቃሉ የራሴ መስሎኝ አልገለጥሁትምና።

በአማርኛ መዲና የአንድ አገር ዋና ከተማ ነው። በዐረብኛ ግን ማንኛውም ከተማ መዲና ይባላል፤ ቀድሞ «የሥሪብ» ትባል የነበረችው የሳውዲ ዐረቢያ ከተማም ዛሬ የምትታወቀው በዚሁ ስም ነው። በዘመናዊው ዕብራይስጥ ቃሉ መንግሥት ያለውን አገር ሲያመለክት፣ በመጽሐፈ አስቴር ደግሞ ንጉሡ ይገዛቸው የነበሩትን 127 ግዛቶች ይጠራል። እነዚህን ሁሉ የሚያገናኛቸው ፍርድን የሚመለከተው የሴም ቋንቋዎች ሥር ነው፤ መዲና ማለት በመሠረቱ የዳኝነት ሥልጣን የሚደርስበት ስፍራ ነበርና። እኔ እንደሚመስለኝ፣ አንዱ ቋንቋ ዳኛው የሚያዝበትን ግዛት ይዞ ሲቀር፣ ሌላው ዳኛው የተቀመጠበትን ከተማ ያዘ።

ይህ ሥር ለእኛ ባዕድ አይደለም። በግእዝ «ደየነ» ፈረደ፣ ኰነነ ማለት ነው፤ «ዕለተ ደይን» የምንለውን የፍርድ ቀን ዐረብኛ «የውም አድዲን» ይለዋል። ዳንኤል የሚለውም ስም በዕብራይስጥ «እግዚአብሔር ዳኛዬ ነው» ማለት ነው።

እስከዚህ ድረስ መንገዱ ቀና ነው። ነገር ግን በዐረብኛ ሃይማኖት ማለት የሆነው «ዲን» በድምፅ ከዚህ ሥር ጋር አንድ ቢሆንም፣ ብዙ ሊቃውንት ይህን ትርጉሙን ከጥንታዊት ፋርስ ቋንቋ ያመጡታል፤ የዞራስተር ሃይማኖት ቅዱስ መጽሐፍ በሆነው በአቬስታ «ዳኤና» ከማየት ጋር የተያያዘ፣ ኅሊናንና እምነትን የሚገልጽ ቃል ነበር። ስለዚህ በአንድ ቃል ውስጥ ሁለት የተለያዩ ምንጮች ተገናኝተው ሊሆን ይችላል፤ ይህን ሳስብ ዛሬም እደነቃለሁ።

በአማርኛ «እሳትና ዲን» ስንል ያለው ዲን ደግሞ የሚነድ ማዕድን ነው። በሰዶም ላይ ለፍርድ ዘነበ ብላችሁ ከ«ደይን» ጋር ልታዛምዱት ልባችሁ ቢከጅል፣ ከመጻፋችሁ በፊት ከድምፅ መመሳሰል የተሻለ ማስረጃ ፈልጉለት።